ለዓመታት የቆመች ቮልስ፦ ዋጋዋን እንዴት ታወጣላችሁ፣ እንዴትስ ትገዛላችሁ?

«እገሌ ግቢ ውስጥ አንዲት ቮልስ ቆማለች፤ ስንት ልበላቸው?» የሚል ጥያቄ ከጎንደር ሰፈሮች፣ ከአራዳም፣ ከማራኪም፣ ከአዘዞም ይመጣልኛል። ጠያቂው አብዛኛውን ጊዜ መኪናዋን ያያት በአጥር በኩል ነው። ፎቶ ይልክልኝና ዋጋ ይጠብቃል። ከፎቶ ግን ዋጋ አይወጣም። ዋጋ የሚወጣው ሊብሬውን አንብቦ፣ ሥሯ ተኝቶ ላሜራዋን ነካክቶ፣ ሞተሯን በእጅ አዙሮ ነው። ቅደም ተከተሉንም እንዳለ ጠብቁት። ወረቀቷ ካልተስተካከለ ላሜራዋን ማየት ድካም ነው፤ ላሜራዋ ካለቀ ደግሞ ሞተሩ ደህና ቢሆንም አያድናትም።

የምጽፈው ሞተሯ ከኋላ ስለሆነው፣ በውኃ ሳይሆን በአየር ስለምትቀዘቅዘው የጥንቷ ቮልስ ነው። የቆመ ፊያት ወይም ላንድሮቨር የምትገዙ ከሆነ የወረቀቱና የዋጋው ክፍል እንዳለ ይሠራላችኋል፤ የሞተሩ ይለያል።

ይዛችሁ የምትሄዱት

- የእጅ ባትሪ፣ ማስታወሻ ደብተር፣ ፎቶ የሚያነሳ ስልክ
- በጨርቅ የተጠቀለለ ትንሽ ማግኔት
- ጠፍጣፋ ካቻቢቴ፣ ባለ 30 ቁልፍ፣ ባለ 21 የካንዴላ ቁልፍ
- ክሪክና ጠንካራ መደገፊያ (ድንጋይ አይሆንም)
- የኮምፕሬሽን መለኪያ (ሲሊንደሩ አየሩን በምን ያህል ግፊት እንደሚጨምቅ የሚያሳይ)፤ ከሌላችሁ ከጋራዥ ተዋሱ
- 2.5 ሊትር አዲስ የሞተር ዘይት
- ቻርጅ የተደረገ ባትሪ፣ ንጹሕ ቤንዚን በትንሽ ጀሪካን፣ አዲስ የቤንዚን ጎማ
- እሳት ማጥፊያ
- ሥሯ የምትተኙበት ካርቶንና የሥራ ልብስ

ጠዋት ሂዱ፤ ግማሽ ቀን ይፈጃል። ሻጩ «ቶሎ በሉ» ካለ ሌላ ቀን ቅጠሩ።

ደረጃ 1፦ ከመሄዳችሁ በፊት ጠይቁ

በማን ስም ናት? መቼ ቆመች? ለምን ቆመች? የቆመችው አፈር ላይ ነው ወይስ ሲሚንቶ ላይ፣ ከላይዋስ ጣሪያ አለ? ከቆመች ወዲህ ለማስነሳት የሞከረ ሰው አለ?

«ባለቤቱ ስላረፉ» ወይም «ውጭ ስለሄዱ» የቆመች መኪና እየሠራች የቆመች ናት። «ትንሽ ነገር ነበረባት» ከተባለ ያ ትንሽ ነገር ምን እንደሆነ ሳታውቁ ሂሳብ አትጀምሩ። አፈር ላይ የቆመች ከሆነ ከሰኔ እስከ መስከረም ያለው እርጥበት በየዓመቱ ከሥር ሲበላት ከርሟል። ለማስነሳት የሞከረ ካለ ደግሞ በምን ቤንዚንና በምን ዘይት እንደሞከረ ጠይቁ፤ የደረቀ ሞተር በግድ ከዞረ ፋሻው (የፒስተኑ ቀለበት) እና ሲሊንደሩ ተቧጭረው ሊሆን ይችላል።

ደረጃ 2፦ ወረቀቱን አንብቡ

«ጋሼ፣ ሊብሬውን አንዴ ልየው?» በሉ። ኮፒ አይበቃም። ከዚያ የኋላውን ወንበር አንሱና መሐል ለመሐል በሚያልፈው የወለሉ ጉብታ ላይ የተመታውን የሻንሲ ቁጥር አንብቡ። ቆሻሻው በጨርቅ ይጸዳል፤ በብረት ብሩሽ አትፋቁት፣ የተፋቀ ቁጥር ጥርጣሬ ያመጣባችኋል። የሞተር ቁጥሩ ዲናሞው ከተቀመጠበት ማቆሚያ በታች ሞተሩ ላይ ነው። ሁለቱንም ፎቶ አንሱና ከሊብሬው ጋር ፊደል በፊደል አስተያዩ።

የሻንሲው ቁጥር ካልገጠመ ጉዳዩን እዚያው ተዉት። የሞተሩ ብቻ ካልገጠመ ሞተር ተቀይሮላት ሊሆን ይችላል፤ ቮልስ ላይ የተለመደ ነው። ቅያሪው ካልተመዘገበ ግን ስም ሲዛወር ስለሚያስቸግር፣ ሻጩ ራሱ አስተካክሎ እንዲያቀርብ ጠይቁ።

ሊብሬው ላይ ያሉት ሰው በሕይወት ከሌሉ የፍርድ ቤት የወራሽነት ማስረጃ ያስፈልጋል፤ ወራሾቹም ሁሉ መፈረም አለባቸው ወይም ለአንዱ ውክልና መስጠት አለባቸው። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ሟቹ በሕይወት ሳሉ የሰጡት ውክልና እሳቸው ሲያርፉ አብሮ ይቀራል፤ ቢያሳዩዋችሁ አትቀበሉት። ባለቤቱ በሕይወት ካሉና የሚሸጥላችሁ ወኪላቸው ከሆነ፣ ውክልናው ላይ «መሸጥ» የሚለው ሥልጣን በግልጽ መጻፉን እዩ። ባለትዳር ከሆኑ የባለቤታቸውም ፈቃድ ያስፈልጋል።

ታርጋዋ «አማ» ከሆነ ፋይሉ ክልሉ ውስጥ ነው። «አአ» ከሆነ ፋይሉ አዲስ አበባ ስለሆነ የመመላለሻው ወጪ ከዋጋው ይቀነሳል። ፋይሉ ካለበት ቢሮ ሦስት ነገር ይጣራል፦ የባንክ ዕዳ ወይም የፍርድ ቤት እግድ አለባት ወይ? ስትገባ ቀረጥ ተከፍሎባታል ወይ? ቦሎ ሳታደርግ በቆየችባቸው ዓመታት የተጠራቀመ ክፍያ ስንት ነው? ይህን ከሻጩ ጋር አብራችሁ ሄዳችሁ አጣሩ፤ ፋይሉን የሚከፍቱት ለባለቤቱ ነው።

ደረጃ 3፦ ላሜራውን ከሥር ጀምራችሁ እዩ

ዋጋውን ከምንም በላይ የሚወስነው ይህ ነው። የቮልስ ሞተር በጥቂት ብሎን ወርዶ ይታደሳል። የበሰበሰ ወለልና ሻንሲ ግን አካሏን ከወለሉ ማላቀቅ ይጠይቃል፤ ያን የሚችል የላሜራ ባለሙያ ደግሞ በየሰፈሩ አይገኝም።

በዚህ ቅደም ተከተል ሂዱ፦

ሀ) ከኋላ ወንበር ሥር በቀኝ በኩል ባትሪ የሚቀመጥበት ወለል። አሲድ ስለሚንጠባጠብበት መጀመሪያ የሚበሳው እሱ ነው። የካቻቢቴውን ጫፍ ጫን አድርጉት፤ ደህና ላሜራ ይመልሰዋል፣ የበሰበሰው ያስገባዋል።

ለ) ከሁለቱ በሮች ሥር ከፊት ወደ ኋላ የሚሄደው ቦይ። ከሞተሩ የሚመጣው ሞቃት አየር የሚያልፍበት ነው፤ አካሏንና ወለሏን አያይዞ የሚያቆመውም እሱ ነው። ከውጭ ቀለሙ አምሮ ከውስጥ ባዶ ሊሆን ስለሚችል ከታች በኩል ንኩት። በሩን ከፍታችሁ ወደ ላይ አንሱት፤ በሩ ሲዘጋ ከታች ከታከከ ወይም ክፍተቱ ከላይ ጠቦ ከታች ከሰፋ አካሏ እየወረደ ነው።

ሐ) ከፊት ኮፈን ሥር ስፔር ጎማ የሚቀመጥበት ጉድጓድ። የመስታወቱ ወይም የኮፈኑ ጎማ ሲደርቅ ዝናቡ እዚያ ይጠራቀማል።

መ) የፊት እግሮቿ የታሰሩበት የሻንሲው ራስ። በክሪክ አንስታችሁ፣ መደገፊያ አድርጋችሁ እዩት። እዚህ ላይ የሚፈረፈር ዝገት ካገኛችሁ ድርድሩን አቁሙ፤ መሪውና የፊት ጎማዎቹ የተንጠለጠሉት እዚህ ላይ ነው።

ሠ) የፓራፋንጎዎቹ መታሰሪያና የኋላ መከላከያው የሚያዝበት ቦታ። እነዚህ ይጠገናሉ፤ መዝግባችሁ እለፉ።

ከዚያ ማግኔቱን በውጭ አካሏ ላይ አንሸራቱት። የማይይዝበት ቦታ ሥር ስቱኮ አለ። የጣት ስፋት ያህል ስቱኮ ለማንኛውም አሮጌ መኪና ያለ ነገር ነው፤ መዳፍ የሚያህል ከሆነ ግን ከሥሩ ቀዳዳ አለ ብላችሁ አስሉ። አዲስ ቀለም ዋጋ እንዲያስጨምራችሁ አትፍቀዱ። ለዓመታት ቆማ በቅርቡ የተቀባች መኪና ካልተቀባችው የበለጠ ፍተሻ ያስፈልጋታል።

የዘመኗንም ነገር እዚሁ መዝግቡ። የኋላ መስታወቷ ለሁለት የተከፈለ ከሆነ እስከ 1953 እ.ኤ.አ. መጀመሪያ የተሠራች ናት፤ ትንሽና እንቁላል መሰል ከሆነ ከዚያ እስከ 1957። እንዲህ ያለች ካጋጠመቻችሁ ተራ ሂሳብ አይሠራም፤ የሚሰበስቧት ሰዎች በዓለም ዙሪያ ስላሉ ሻጩም ይህን ማወቅ ይገባዋል። ደግነቱ ወይም ክፋቱ፣ በእኛ ዘንድ አብዛኞቹ ከዚያ በኋላ የመጡ ናቸው።

ደረጃ 4፦ ሞተሩን በእጅ አዙሩ

ማስጠንቀቂያ፦ ሻጩ «ቁልቁለቱ ላይ እንልቀቃትና ትነሳለች» ካላችሁ እንቢ በሉ። ለዓመታት የቆመች መኪና ፍሬን የላትም። የጎንደር ቁልቁለት ደግሞ የሚያልቀው ሰው ላይ ወይም አጥር ላይ ነው። የደረቀ ሞተርም በጎማ ሲጎተት ይሰበራል።

1. ዘይቱን ለኩ። መለኪያው ላይ ቤንዚን ቤንዚን ከሸተተ የቤንዚን ፓምፑ ወደ ዘይቱ እያፈሰሰ ነበር፤ ወተት ከመሰለ እርጥበት ገብቷል። በሁለቱም ሁኔታ ሳትቀይሩ አታስነሱ።

2. አራቱንም ካንዴላ አውጡና በቅደም ተከተል ካርቶን ላይ ደርድሩ። ጥቁርና ደረቅ ጥላሸት ካለባቸው ቤንዚን የበዛበት ነው፤ በእኛ ከፍታ አየሩ ስስ ስለሆነ ለቆላ የተስተካከለ ካርቡራተር ሁሉ እንዲህ ያደርጋል፣ ጉዳቱም ቀላል ነው። እርጥብና ቅባታማ ከሆነ ግን ፋሻ ወይም ቫልቭ ያረጀ ነው።

3. በእያንዳንዱ ቀዳዳ አንድ ሾርባ ማንኪያ ያህል ዘይት ጨምሩና ቢያንስ አንድ ሰዓት ጠብቁ። ፋሻው ሲሊንደሩ ላይ ደርቆ ስለሚይዝ ነው።

4. ካምቢዮው ባዶ መሆኑን አረጋግጡ። ባለ 30 ቁልፉን ከታች ባለው ትልቁ ፑሊ ብሎን ላይ አድርጋችሁ ቀስ ብላችሁ ወደ ቀኝ አዙሩ፤ ሁለት ሙሉ ዙር። ካልዞረ በቧንቧ አስረዝማችሁ አትታገሉ። ዘይቱን ጨምራችሁ በማግስቱ ተመለሱ። በማግስቱም ካልዞረ ሙሉ የሞተር እድሳት ብላችሁ መዝግቡ።

5. ፑሊውን በሁለት እጅ ይዛችሁ ወደ ራሳችሁ ሳቡ፣ ከዚያ ግፉ። የሞተሩ ዋና ዘንግ ወደ ፊትና ወደ ኋላ እንዲሄድ የሚፈቀድለት ከፍተኛው 0.15 ሚሊሜትር ነው፤ ይህ በዓይን አይታይም። «ቋ» የሚል ድምፅ ከሰማችሁና ሲንቀሳቀስ ካያችሁት ሞተሩ እየሠራም ቢሆን ጊዜው አልቋል፤ እንደ ተበላሸ አስሉት።

6. ማራገቢያው የተሸፈነበትን ላሜራ ውስጡን በስልክ ካሜራ እዩ። አይጥ እዚያ ጎጆ መሥራት ትወዳለች። ሣርና ላስቲክ የዘጋው ሞተር ሲነሳ ጥሩ ይመስላል፤ ከጥቂት ደቂቃ በኋላ ግን አየር ያልደረሰው ሲሊንደር ይቃጠላል። ውኃ የሌለው ሞተር ስለሆነ የሙቀት መለኪያ አይጠራችሁም። በካሜራ ካልታየ ሽፋኑን የማውረጃ ወጪ መዝግቡ። በሞተሩ ዙሪያ ያሉት ላሜራዎችና ማሸጊያ ጎማዎችም አንዳቸውም መጉደል የለባቸውም፤ ከጎደሉ ከሥር የወጣው ትኩስ አየር ተመልሶ ይገባል።

ደረጃ 5፦ ኮምፕሬሽን ለኩ

ሞተሩ በእጅ ከዞረ ብቻ ነው ይህን የምታደርጉት። በመጀመሪያ መኪናዋ 6 ቮልት ናት ወይስ 12? የመብራቷን አምፖል አውጥታችሁ የተጻፈበትን አንብቡ። እስከ 1960ዎቹ አጋማሽ እ.ኤ.አ. ድረስ የተሠሩት 6 ቮልት ናቸው፤ ከዚያ በኋላም አንዳንዶቹ 6 ሆነው ቆይተዋል፣ በኋላ የተቀየሩም አሉ። 12 ቮልት ባትሪ 6 ቮልት መኪና ላይ ካሰራችሁ አምፖሉንና ኮይሉን ታቃጥላላችሁ።

የኮይሉን ቀጭን ሽቦ ነቅላችሁ፣ ቤንዚን መስጫውን እስከ መጨረሻው ረግጣችሁ፣ እያንዳንዱን ሲሊንደር አምስት ስድስት ዙር በሞተሪኖ (በማስነሻው) አስዙሩና መለኪያው ያነበበውን መዝግቡ። የመኪናዋ የጥገና መጽሐፍ ላይ ያለውን ቁጥር እዚህ አትጠብቁ። ጎንደር ከባሕር ጠለል ከ2,100 ሜትር በላይ ስለሆነች የአየሩ ግፊት ያንሳል፤ ባሕር ዳርቻ ላይ 100 ፒኤስአይ (የግፊት መለኪያ ነው) የሚያነብ ጤነኛ ሞተር እዚህ 77 ገደማ ያነባል። ይህን ባለማወቅ ደህና ሞተር «ሞቷል» ተብሎ በርካሽ ሲሸጥም፣ ሳያስፈልገው ሲፈታም አይቻለሁ። ከቁጥሩ ይልቅ በአራቱ መካከል ያለውን ልዩነት እዩ። ሦስቱ ተቀራርበው አንዱ በሩብ ከወረደ ያ ሲሊንደር ችግር አለበት። ከፊት በግራ ያለውን፣ ሦስተኛውን፣ በተለይ ልብ በሉት፤ አየር በደንብ ስለማይደርሰው ከሁሉም በላይ የሚሞቀውና ቫልቩ ቀድሞ የሚጎዳው እሱ ነው።

ደረጃ 6፦ ፍሬን፣ ፍሪሲዮን፣ ጎማ

ሜዳ ላይ መሆኗን እዩ፤ ከፊትና ከኋላ ከጎማዎቹ ትንሽ ራቅ አድርጋችሁ ድንጋይ ጣሉ። ካምቢዮውን ባዶ አድርጋችሁ ግፏት። ካልሄደች ፍሬኑ ይዟል። ከሄደች ማርሽ አስገቡና ፍሪሲዮኑን ረግጣችሁ ግፉ፤ አሁን ካልሄደች የፍሪሲዮኑ ሸራ ተጣብቋል፣ ለማውጣትም ሞተሩ ይወርዳል።

የፍሬኑን ነገር ፔዳሉ ጥሩ ቢሆንም ሙሉ በሙሉ ወጪ ውስጥ አስገቡ፦ ዋናው ፖምፓ፣ የአራቱ ጎማ ፖምፓዎች፣ አራቱ የጎማ ቱቦዎች። የፍሬን ዘይት እርጥበት ስለሚስብ ቆሞ ሲከርም ፖምፓውን ከውስጥ ያዝገዋል፤ መጀመሪያ ደህና ይይዝና በኋላ ድንገት ይለቃል። ጎማም እንዲሁ። ጥርሱ ሙሉ ቢሆን ጎኑ ላይ ያለውን ባለ አራት አኃዝ ቁጥር አንብቡ፤ 2309 ማለት በ2009 እ.ኤ.አ. 23ኛው ሳምንት የተሠራ ነው። እንዲህ ያለው ጎማ ከግቢ ለማስወጣት እንጂ ለመንገድ አይሆንም።

መብራት፣ ፍሬቻ፣ ወንበር፦ የጎደለውን ብቻ መዝግቡ።

ደረጃ 7፦ ማስነሳት (ግድ አይደለም)

ዋጋ ለማውጣት እስካሁን ያያችሁት ይበቃል። ማስነሳት ካለባችሁ ግን እንዲህ፦ አሮጌውን ዘይት አውጡና አዲሱን 2.5 ሊትር ሙሉ። በመኪናዋ የቤንዚን ታንክ ውስጥ ያለውን ቤንዚን አትጠቀሙ፤ ሙጫ ሆኖ ካርቡራተሩን ይዘጋል። ጀሪካኑን መሬት ላይ ከሞተሩ ራቅ አድርጋችሁ በአዲሱ ጎማ ከፓምፑ ጋር አገናኙ። በሞተሩ ዙሪያ ያሉትን የቤንዚን ጎማዎች በሙሉ ቀይሩ፤ ቮልስን ከምንም በላይ የሚያቃጥላት የደረቀ የቤንዚን ጎማ ነው። ካንዴላ ሳትመልሱ የዘይቱ መብራት እስኪጠፋ በሞተሪኖ አስዙሩ፤ ዘይቱ ወደ ላይ የሚደርሰው ያኔ ነው። ከዚያ ካንዴላውንና የነቀላችሁትን የኮይል ሽቦ መልሱና አስነሱ። አንድ ሰው እሳት ማጥፊያውን ይዞ ይቁም፤ ሌላ ሥራ አይኑረው። የዘይት መብራቱ በጥቂት ሰከንድ ካልጠፋ አጥፉ።

ደረጃ 8፦ ዋጋውን አስሉ

የቆመች መኪና ዋጋ የሚጀምረው ከምትሄደው መኪና ዋጋ ነው፤ ከዚያ ይቀነሳል። ተመሳሳይ ዘመን ያላት፣ ወረቀቷ የተሟላ፣ የምትሄድ ቮልስ በቅርቡ በእርግጥ የተሸጠችበትን ዋጋ ፈልጉ። ደላላ የሚጠራው የሚጠየቀውን ነው፤ የተከፈለውን የሚያውቁት የገዙትና የጋራዥ ሰዎች ናቸው። የዕቃውን ዋጋ አዲስ አበባ ወዳለው የመኪና ዕቃ ገበያ፣ ሶማሌ ተራ፣ ደውላችሁ፣ የእጅ ዋጋውን ከላሜራ ሠሪና ከመካኒክ ጠይቃችሁ ጻፉ።

አሠራሩን ለማሳየት ብቻ የምትሄደውን 100 እንበላት፦

- ፍሬን፣ ጎማ፣ ባትሪ፣ የቤንዚን መስመር፣ ዘይት፦ 20
- ላሜራ፦ 12
- የተጠራቀመ ክፍያና ስም ማዛወሪያ፦ 5
- ጭኖ ማውረጃ፦ 3
- መጠባበቂያ፣ የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ሥራዎች (20 + 12 = 32) ሩብ፦ 8

ድምሩ 48 ነው፤ ከ100 ሲቀነስ 52 ይቀራል። ከዚህ በላይ አትውጡ። መጠባበቂያውን ማንም አይወድላችሁም፣ እናንተም ለመቀነስ ትፈተናላችሁ። አትንኩት፤ ስትፈታ ያልታየ ነገር ያላገኘሁባት የቆመች መኪና የለችም። ሞተሩ ካልዞረ የእድሳቱን ሙሉ ዋጋ ጨምሩ፤ ውጤቱ ከዜሮ በታች ከወረደ መኪናዋ የምትሸጠው ለዕቃ ነው።

ደረጃ 9፦ ድርድርና ውል

የአባታቸውን መኪና የሚሸጡ ሰዎች ፊት መኪናዋን አታንቋሽሹ። ዝርዝሩን አውጡና «እትዬ፣ እኔ ያየሁት ይህን ነው፤ ለመጠገን ይህን ያህል ጠየቁኝ» በሉ። ሰው በጽሑፍ የተቀመጠ ሂሳብ ሲያይ ለመስማማት ይቀለዋል፤ ካልተስማሙም በክብር ትለያያላችሁ።

ቀብድ ካስፈለገ ትንሽ ይሁን፤ በጽሑፍም ይሁን። በፍትሐ ብሔር ሕጉ መሠረት ሌላ ስምምነት ከሌለ ገዢው ቢተው ቀብዱ ይቀርበታል፣ ሻጩ ቢተው እጥፍ ይመልሳል። ስለዚህ «እግድ ወይም ዕዳ ከተገኘባት ቀብዱ ይመለሳል» የሚል ቃል አስገቡ። ዋናውን ገንዘብ በባንክ ክፈሉ፤ ክፍያው ውልና ማስረጃ ፊት ከሚፈረመው ውል ጋር በአንድ ቀን ይሁን። ውሉ ላይ የሚጻፈው ዋጋ የከፈላችሁት ይሁን፤ ነገ ክርክር ቢነሳ የምትጠይቁት የተጻፈውን ብቻ ነው።

ደረጃ 10፦ ከግቢው ማውጣት

በመኪና ጭናችሁ ውሰዱ። በገመድ አትጎትቱ፤ ፍሬን የሌላት መኪና ከአዘዞ ወደ ፒያሳ ዳገቱን ስትወጣ ገመዱ ቢበጠስ የሚያቆማት የለም። ስትጭኑ ገመዱን በፊት እግሮቿ ግንድ እሰሩት፤ መከላከያዋ ላይ አትሰሩ፣ ይነቀላል። ባትሪዋን ንቀሉ። የጎደሉ ዕቃዎች፣ ቁልፍም ጭምር፣ ግቢው ጓዳ ውስጥ እንዳሉ ጠይቃችሁ በዚያው ቀን ውሰዱ፤ በኋላ ስትመለሱ ብዙ ጊዜ አይገኙም።

ብዙ ሰው የሚሳሳትባቸው

- ሊብሬው ሳይታይ መካኒክ ይዞ መሄድ። የመካኒኩን ቀን ትከፍላላችሁ፣ መኪናዋ ግን አትሸጥም።
- «ሞተሯ አንድ ጊዜ ተነስታለች» በሚል ዋጋ መጨመር። አንድ ደቂቃ የሠራ ሞተር ስለ ሙቀቱ ምንም አይናገርም።
- ከፍተሻ በፊት ማሳጠብ። ጭቃውና የዘይቱ ዱካ የት እንደሚያፈስ ይመሰክራሉ፤ ከታጠበ ይጠፋል።
- የተገዛች ዕለት ቀለምና ወንበር ላይ ማውጣት። ገንዘቡ መጀመሪያ ፍሬኑ ላይ፣ ቀጥሎ የቤንዚን መስመሩ ላይ፣ ከዚያ ጎማው ላይ ይዋል።
- ከተነሳች በኋላ የመጀመሪያውን ዘይት ረጅም ጊዜ መያዝ። የተጠራቀመውን ቆሻሻ ስለሚያጥብ በ300 ኪሎ ሜትር ውስጥ ቀይሩት፤ ከሥር ያለውን ወንፊትም አውጥታችሁ እጠቡ። ወንፊቱ ላይ የሚያብለጨልጭ የብረት ብናኝ ካገኛችሁ መንዳት አቁሙና ሞተሩን አስወርዱ።